እንሽላሊትና ቤቱ

በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ ብዙ የድንጋይ አጥር አለ። ጧት ፀሐይ በወጣች ጊዜ በአጥሩ ላይ እንሽላሊት ይታያል። ሆዱን በድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ዝም ይላል። ድንጋዩ ከሞቀ በኋላ ግን ፈጥኖ ይሮጣል፤ ዝንብም ያድናል። ቀትር በሆነና ፀሐይ በበረታች ጊዜ ደግሞ ከድንጋይ ሥር ገብቶ ይሸሸጋል። ይህን የሚያደርገው ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለ ሆነ አይደለም። ለሰውነቱ የሚስማማውን ሙቀት እየመረጠ ነው።

አንድ የየካ ልጅ ከእነዚህ እንሽላሊቶች አንዱን ያዘ። እጅግ ስለ ወደደው በጣሳ ውስጥ አድርጎ ከቤቱ ጨለማ ማዕዘን አስቀመጠው። ጧት ጧት ዝንብ እየያዘ ያቀርብለት ነበር። እንሽላሊቱ ግን አልበላም፤ ከቀን ወደ ቀንም እየደከመ ሄደ። ልጁም፥ «በርዶት ይሆናል» ብሎ አሰበ። ስለዚህ ከጣሳው አውጥቶ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጨመረው፤ ዕቃውንም በፀሐይ ላይ አኑሮ ውኃ ሊቀዳ ሄደ። በተመለሰ ጊዜ እንሽላሊቱን ሞቶ አገኘው።

ልጁ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩም ሄዶ፥ «መምህር ሆይ፥ ምግብ ሰጥቼው ነበር፤ በፀሐይም አሙቄው ነበር፤ ስለ ምን ሞተብኝ?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩም፥ «ልጄ፥ ፍቅር ነበረህ፤ ዕውቀት ግን አልነበረህም። በጣሳው ውስጥ ብርድ ብቻ ነበረ፤ በመስታወቱም ውስጥ ትኩሳት ብቻ ነበረ። እንሽላሊቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ አጣ» ብሎ መለሰለት።

የዚህ ነገር ምክንያት እንዲህ ነው። የጤነኛ ሰው ሰውነት በክረምትም በበጋም ሙቀቱ 37 ዲግሪ ያህል ነው። በሬም፥ ውሻም፥ ዶሮም ከሚበሉት ምግብ የራሳቸውን ሙቀት ያወጣሉ። እንሽላሊት ግን እንዲህ ያለ እሳት በውስጡ የለውም፤ ሙቀቱን ከፀሐይና ከድንጋይ ይበደራል። በበረደ ጊዜ እግሩ ይዝላል፤ ሆዱም የበላውን መፍጨት ያቆማል። ስለዚህ የበረደው እንሽላሊት ምግብ በፊቱ ሳለ ይራባል። ሙቀቱ ከልክ ባለፈ ጊዜም እንደ ሰው በላብ ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ጥላ ካላገኘ በቶሎ ይሞታል።

ሰውም ቢሆን የሚስማማውን ስፍራ ፈልጎ ይሄዳል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ቀድሞ ከተማቸውን የሠሩት በእንጦጦ ላይ ነበር። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነው። ከበታቹ ባለው ሜዳ ግን ፍል ውኃ ይፈልቅ ነበር። በ1879 ዓ. ም. ጣይቱ ብጡል በፍል ውኃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከዚያም በኋላ መኳንንቱና ሕዝቡ ቀስ በቀስ ከእንጦጦ ወረዱ። በሣጥን የተዘጋ እንሽላሊት ግን ከብርድ ወደ ሙቀት የሚወርድበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ጠባቂው እንጦጦንና ፍል ውኃን በአንድ ሣጥን ውስጥ ሊያዘጋጅለት ይገባዋል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነብር መሳይ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት መመልከት ይጠቅማል። አገሩ አፍጋኒስታን፥ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ በዚያም በደረቅና በድንጋያማ ምድር ይኖራል። ቆዳው ቢጫ ሲሆን እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ቀን በጉድጓድ ይተኛል፤ ሲመሽ ይወጣል፤ ለክፉ ቀን የሚሆነውንም ስብ በጅራቱ ያከማቻል። በብዙ አገር ሰዎች በመስታወት ሣጥን ያኖሩታል። በመልካም የተያዘ እንደ ሆነ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

የዚህ ጌኮ ሣጥን ሁለት ወገን አለው። የሞቃቱ ወገን ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይሆናል፤ የቀዝቃዛው ወገን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሆናል። በሁለቱም ወገን መሸሸጊያ ይደረጋል። ጌኮው ሲበርደው ወደ ሞቃቱ፥ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል። ሌሊት ሙቀቱ ጥቂት ቢቀንስ አይጎዳውም፤ ከ18 ዲግሪ በታች ግን ሊወርድ አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው እንስሳ በየካ ያለ ማሞቂያ ሊኖር አይችልም።

ማሞቂያው ከሣጥኑ ሥር በአንድ ወገን ብቻ ይደረጋል። ሙቀቱን የሚወስን መቆጣጠሪያ ከሌለው የእንስሳውን ሆድ ያቃጥላል። ወለሉን በእጅ ዳስሶ መገመትም አይበቃም፤ በሁለቱም ወገን ቴርሞሜትር ሊቀመጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ሣጥኑን በጋቢ መሸፈን ሙቀቱን ያቆያል፤ የአየር ቀዳዳው ግን አይደፈንም። ደግሞም የመስታወት ሣጥን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት አይቀመጥም። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ይገባል፤ ሙቀቱ ግን መውጫ ያጣል፤ ሣጥኑም እንደ ምድጃ ይሆናል። የየካው ልጅ እንሽላሊት የሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጥበትም እንደ ሙቀት ልክ አለው። አየር ሊይዝ ከሚችለው የውኃ እንፋሎት ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ ያህሉን የያዘ እንደ ሆነ ለጌኮው ይስማማዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ከእንጦጦ ላይ ሲወርድ የየካ አየር ከዚህ እጅግ ይረጥባል። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ በሆኑ ጊዜ የሳንባ በሽታ ያመጣሉ። ስለዚህ በክረምት በሣጥኑ ውስጥ ውኃ አይረጭም፤ አየርም በክዳኑ ቀዳዳ እንዲመላለስ ይደረጋል።

ነገር ግን ፈጽሞ ደረቅ ቤትም ይጎዳዋል። ጌኮ በየጊዜው አሮጌ ቆዳውን ይገፍፋል። ቆዳው በቀላሉ እንዲላቀቅ እርጥበት ያስፈልገዋል። እርጥበት ካጣ ቁራጭ ቆዳ በጣቱ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ ይቀራል። ያ ቆዳ የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ በመጨረሻም ጣቱ ይቆረጣል። በአገሩ ሳለ ምድሩ ደረቅ ቢሆንም ከድንጋይ ሥር እርጥብ ጉድጓድ አያጣም። በሣጥኑም ውስጥ በር ያላት አንዲት ትንሽ የተከደነች ዕቃ በሞቃቱ ወገን ትቀመጥለታለች፤ በውስጧም ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። የሚጠጣው ውኃ ደግሞ በቀዝቃዛው ወገን ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ እርጥብ ማዕዘን አያጣም።

የየካው ልጅ ይህን ሁሉ ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ሌላ እንሽላሊት አልያዘም። ነገር ግን ጧት ጧት በአጥሩ አጠገብ እየተቀመጠ፥ እንሽላሊቱ በስንት ሰዓት እንደሚወጣና በስንት ሰዓት ወደ ጥላ እንደሚገባ በደብተሩ ይጽፍ ጀመር። በጣሳ ዘግቶ ሳለ ያላወቀውን፥ በነፃነቱ ሲተወው አወቀ።

እንስሳን ለመያዝ እጅ ብቻ ይበቃል፤ ለመጠበቅ ግን ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፍጥረትን በሣጥን የዘጋ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ፀሐዩንም ጥላውንም ሊሰጠው ግዴታ አለበት። ይህን ሊያደርግ የማይችል እንደ ሆነ፥ በድንጋዩ ላይ ይተወው።