ከስንብት ደብዳቤ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት

የሥራ ውል ሲቋረጥ ሠራተኛው የሚቀረው ሒሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ፣ መብቱ ካለውም የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህ ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳያስረክብ ከቆየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ርክክቡን መጨረስና የተፈረመበትን ቅጂ መያዝ ይገባል።

የስንብት ክፍያው ስሌት ቀላል ነው። በቀን 200 ብር ያገኝ የነበረ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 6,000 ብር ይታሰብለታል። ከዚያ ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ፣ 2,000 ብር ይጨመርለታል። ሰባት ዓመት የሠራ ሰው 18,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገልና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ የሌለበት መሆን አለበት።

በመጠኑ ላይ ካልተስማሙ አሠሪው ያመነበትን ያህል በጊዜው ይከፍላል፤ የቀረው ለክርክር ይቆያል። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል።

ሠራተኛውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይርጋ ነው። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። «ሒሳብ ክፍል እየሠራልህ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ና» የሚል የቃል ተስፋ ቀኑን አያስቆመውም። አክብሮና ታግሶ የሚጠብቅ ሰው በትዕግሥቱ ምክንያት መብቱን ማጣቱ ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ግን የሚያየው የቀን መቁጠሪያውን ነው። በሽምግልና መነጋገር መልካም ነው፣ ክሱን ማዘግየት ግን አያስፈልግም።

ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ፣ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የስንብት ደብዳቤውን አብረው ያስቀምጡ። የአገልግሎት ማስረጃዎንም ይጠይቁ፤ አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። መልስ ከጠፋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ይግባኝ የሚባለውም በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ሠራተኛው ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።