እውነት ወይስ ተረት? ንጉሡን የጣሉት ተማሪዎች ናቸው?

የተማሪዎች ንቅናቄ ሲነሣ ሁሉም ጣቱን ወደ ስድስት ኪሎ ይቀስራል። መነሻው በእርግጥም እዚያ ነው። መጨረሻውን ለማየት ግን ወደ ቂርቆስ መውረድ ያስፈልጋል። ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው አጭር መንገድ ላይ፣ ስለዚያ ትውልድ ቡና ላይ ከሚወራው ብዙውን የሚያፈርስ ማስረጃ አለ።

«ንጉሡን የጣሉት ተማሪዎች ናቸው።»

ተረት። ተማሪው በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ ወደ ፓርላማ ሲተም ዘውዱ ገና ከዘጠኝ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። በ1966 መንግሥትን ያናጉት የነገሌ ቦረና ወታደሮች፣ ቤንዚን የተወደደባቸው ባለታክሲዎችና «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ የተቃወሙ መምህራን ናቸው፤ ተማሪው ከእነሱ ጋር አንዱ ነበር። ወታደራዊው ኮሚቴ ደርግ ሰኔ 21 ቀን የተቋቋመው እዚሁ ቂርቆስ፣ በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥተው በቮልስዋገን የወሰዷቸውም ወታደሮቹ ናቸው። ተማሪ ግንባር ቀደም ሆኖ መንግሥት የጣለበት አገር ከተፈለገ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋላት ደቡብ ኮሪያ አለች፤ የሚያዝያ 1952ቱን አመፅ በሕገ መንግሥቷ መግቢያ ላይ ጠቅሳዋለች።

ለእኛ ተማሪ የሚገባው ምስጋና ሌላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከአሥር ዓመት በፊት በሰልፍ የተጮኸ ጥያቄ ነበር። አዋጁን ለገበሬው ያስረዱትም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከተላኩት ወደ 60,000 ተማሪዎችና መምህራን መካከል ነበሩ።

«ንቅናቄው የድሃ ልጆች ምቀኝነት ነበር።»

ይህን አንድ ስም ይዘጋዋል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት የተገደለው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው የልዑል መኮንን ባለቤት የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነበር።

«ቀይ ሽብርን ያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።»

እዚህ ላይ እውነትና ተረት ተቀላቅለዋል። የግራ ፓርቲዎቹ ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ከንቅናቄው የወጡ ናቸው፤ ተገዳድለዋልም። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» መስጠቱም አይካድም። ሆኖም ሚያዝያ 9 ቀን 1969፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በተባለው በዚሁ መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰባበሩት የአገሪቱ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ ከተረሸኑት ብዙዎቹ ገና ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ መኢሶንም ይታደን ጀመር። «አመጡት» የሚል ሰው በአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቢጎበኝ፣ ግድግዳውን የሞላው የሟቾቹ ፎቶ እንጂ የአዛዦቹ እንዳልሆነ ያያል።

«የመገንጠል መብት የሚሰጠውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 የጻፈው ዋለልኝ መኮንን ነው።»

ተማሪው ዋለልኝ በኅዳር 1962 «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ላይ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በድፍረት አነሣ። ጽሑፉ የሚመኘው ግን ሁሉም እኩል የሚሳተፍበትን አገር ነበር፤ መገንጠልንም ያለ ቅድመ ሁኔታ አልደገፈም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲሞክር ተገደለ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀውም ኅዳር 29 ቀን ነው፣ በ1987። የቀኑ መገጣጠም ለተረቱ ሳይመች አልቀረም፤ በመካከሉ ግን 22 ዓመት፣ አንድ አብዮት፣ ረጅም የእርስ በርስ ጦርነትና አንድ የሽግግር መንግሥት አለ።