የአፍ ቁስል፦ ንጽሕና የሚከለክለውና የማይከለክለው

የፈተና ሰሞን በደረሰ ቍጥር በየመኝታ ቤታችን ሁለት ነገሮች ይበረክታሉ፤ አንደኛው እስከ ንጋት ሲበራ የሚያድር መብራት ሲሆን ሁለተኛው የአፍ ቁስል ነው። ከንፈሩን በጣቱ ገልብጦ በመስተዋት የሚመለከት፣ ወይም በምግብ አዳራሽ ወጡን ወደ ጐን ገፍቶ ዳቦ በቀዘቀዘ ሻይ እየነከረ የሚበላ ተማሪ በዚያ ጊዜ ብርቅ አይደለም። ጓደኞቹም ምክር አይነፍጉትም። አንዱ «ሎሚ ጨምቅበት» ይለዋል። ሌላው «ምች ነው፤ ዳማከሴ ፈልግ» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው እየሰማ «አፍህን ስለማትታጠብ ነው» ብሎ ያሳፍረዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው የዚህን የሦስተኛውን ጓደኛ ቃል ነው። የአፍ ቁስል በእውነት ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ ነውን? መልሱ «አንዳንዱ አዎን፤ አንዳንዱ ግን አይደለም» የሚል ነው። ይህንንም ለይቶ ማወቅ የዕውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንደኛው ዐይነት ቁስል ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ ይታማል፤ በሌላው ዐይነት ግን ቸል የተባለ ድድ የሕፃን ፊት እስከ መብላት ይደርሳል።

በኛ ዕድሜ ባለ ሰው አፍ ውስጥ አዘውትሮ የሚወጣው ቁስል ሐኪሞች «አፍታ» የሚሉት ነው። ስሙ ከሂፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ የግሪክ ቃል ነው እንጂ ከአማርኛው «አፍታ» ጋራ ዝምድና የለውም፤ ሕመሙም ቢሆን ያፍታ አይደለም። ቁስሉ ክብ ወይም ሞላላ ነው፤ መካከሉ ነጣ ወይም ቢጫ ይላል፤ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ይከበዋል። የሚወጣውም በከንፈር ውስጠኛ ገጽ፣ በጉንጭ ውስጥና በምላስ ጠርዝ ነው። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀኖች ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠውና ጠለቅ የሚለው ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ጠባሳም ይተዋል። ከ5 ሰዎች 1 ያህሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው።

ምክንያቱ እስከ ዛሬ ድረስ ተሟልቶ አልታወቀም። የሚታወቀው፣ ሰውነትን ከጠላት እንዲጠብቅ የተመደበው ኀይል ተሳስቶ የገዛ አፉን ስስ ቆዳ መውጋቱ ነው። ለዚህም መነሻ የሚሆኑ ነገሮች አሉ። ጉንጭን መንከስ፣ በጠንካራ ብሩሽ መጫር፣ የፈተና ጭንቀት፣ በእኅቶቻችን ደግሞ የወር አበባ ሰሞን ይጠቀሳሉ። በደም ውስጥ ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ቪታሚን ቢ 12 ሲጐድሉም ቁስሉ ይደጋገማል። እናትና አባታቸው የነበራቸው ልጆችም ብዙ ጊዜ ይወጣባቸዋል። እንግዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ጥርሱን የሚፍቅ ሰውም ከዚህ ቁስል ነጻ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ባለ ቁስሉን ከማዕድ ማራቅ ከንቱ ነው።

«ምች ነው» ያለው ጓደኛ ሌላ በሽታ ጠርቷል። ምች የሚባለው ብዙውን ጊዜ በከንፈር ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ እንደ ትንንሽ የውሃ ፊኛ ተሰብስቦ ወጥቶ የሚፈነዳው ነው። የሚያመጣውም ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ትኵሳት ወይም ብርቱ ፀሓይ ሲያገኘው ይነሣል። በዚህ ረገድ «ምች ከፀሓይ ይመጣል» የሚሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያዩትን ነው የተናገሩት። አፍታ የማይተላለፍ ሲሆን ይህ ግን ይተላለፋል፤ ፊኛው ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ መሳምም ሆነ ብርጭቆና ፎጣ መዋዋስ አይገባም።

ታዲያ ለአፍታ የአፍ ንጽሕና ምን ይረዳል? ቁስሉን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን የወጣው ቁስል በሌላ ተሕዋስያን እንዳይመረዝ ያደርጋል፤ የድድ እብጠትንም ያበርዳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም ንጽሕናን ከጕልበት ጋራ ማስተካከላችን ነው። ጥርስ ልብስ አይደለም። የናይሎን ብሩሽ ገበያ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ነው (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው)፤ ከዚያ በፊት ብሩሽ የሚሠራው ከአሳማ ጠጕር ነበር። ዛሬ ለስላሳውም ጠንካራውም ይሸጣል፤ ተማሪው ግን «ይህ ያጸዳል» ብሎ ጠንካራውን ይመርጣል። የጥርስ ሐኪሞች የሚመክሩት ለስላሳውን ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 2 ደቂቃ ያህል፣ ከድድ ወደ ጥርስ እየጠረጉ እንጂ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ አይደለም። ከሁለቱ ጊዜ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት፤ ሰው ሲተኛ አፉን የሚያጥበው ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው ሌሊቱን በነጻ ይሠለጥናል።

ብሩሽ የሌለው ሰው መፋቂያ ካለው የጐደለበት ነገር ብዙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 የመፋቂያን ልማድ የያዙ አገሮች ልማዳቸውን እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። ወይራውም፣ ልምጩም፣ ክትክታውም በደንብ ከተያዘ ይሠራል። በደንብ መያዝ ማለት መፋቂያው እርጥብ ሲሆን ጫፉን አኝኮ እንደ ጭራ ማፍታታት፣ በነጋታው ያን ጫፍ ቈርጦ መጣልና አዲስ ማውጣት ነው። ደርቆ የተሰነጠቀ እንጨት ድድን ይወጋል፤ ከወጋበት ላይም ያው አፍታ ሊነሣ ይችላል። ሌላው ጕድለት መፋቂያ ሰው ሲስቅ የሚታየውን የፊተኛውን ጥርስ አንጽቶ በምላስ በኩል ያለውን ገጽና መንጋጋውን መርሳቱ ነው። ይህ ግን የእንጨቱ ሳይሆን የእጃችን ጥፋት ነው።

ስለ ጥርስ ሳሙናም አንድ ቃል እንጨምር። በብዙዎቹ ሳሙናዎች ውስጥ አረፋ እንዲያወጡ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባል ነገር ይጨመራል። በአንዳንድ ሰዎች ይህ የአፍን ስስ ቆዳ ስለሚያሳሳ ቁስሉ ይደጋገማል። ቁስል የሚመላለስበት ሰው በሳሙናው ጀርባ የተጻፈውን አንብቦ ይህ የሌለበትን ቢሞክር ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሎሚው እንመለስ። ሎሚ አሲድ ስለሆነ ቁስሉን ያቃጥለዋል እንጂ አያድነውም። ከሎሚ የከፋው ደግሞ አስፕሪን አድቅቆ ቁስሉ ላይ መነስነስ ነው፤ አስፕሪን የነካው ቆዳ ነጭ ሆኖ ይላጣል፤ ትንሹ ቁስል ትልቅ ይሆናል። ከቤት መድኃኒት ሁሉ የማይጐዳው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጕመጥመጥ ነው። ሚጥሚጣውንም ለሳምንት ያህል መተው ነው፤ ይህን ምክር ከመስጠት መቀበሉ እንደሚከብድ እናውቃለን። ምስርና ጎመን ፎሊክ አሲድ አላቸው፤ ቢ 12 የሚገኘው ግን ከሥጋ፣ ከእንቍላልና ከወተት ነው። ቁስሉ በየወሩ የሚመላለስበት ሰው ኪኒን በግምት ከመዋጥ ደሙን ማስመርመር ይሻለዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለማይገድለው ቁስል ነው። ንጽሕና በእውነት የሚከለክለው ቁስል የሚነሣው ግን በጉንጭ ወይም በከንፈር ላይ ሳይሆን በድድ ላይ ነው።

ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ የሰነበቱ ወታደሮች ድዳቸው ይቈስል፣ ይደማና ይሸት ጀመር፤ በሽታውም «የምሽግ አፍ» ተባለ። ጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ሾጣጣ የድድ ጫፍ ተበልቶ ይወድቃል፤ በላዩም ግራጫ ነገር ይጋረድበታል፤ ሕመሙ ምግብ አያስበላም። በዚያን ጊዜ ተላላፊ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ዛሬ ግን እንዳልሆነ ታውቋል። የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ ያሉ ናቸው። ወታደሮቹን የጣላቸው ሦስት አራት ነገር ባንድ ላይ መግጠሙ ነው፤ አፍን አለማጽዳት፣ የምግብ ጕድለት፣ ሲጃራና ጭንቀት።

እነዚህን አንድ ባንድ ስንቈጥር ምሽጉ ሩቅ አይመስልም። በፈተና ሰሞን ምሳውን በሻይ የሚያልፍ፣ ሌሊቱን በሲጃራና በጫት የሚገፋ፣ ሲነጋም ሳይፍቅ ወደ ክፍል የሚሮጥ ተማሪ አራቱንም ይዟል። ይህ የድድ ቁስል ዛሬም ከሚታይባቸው ሰዎች መካከል ወጣቶችና ተማሪዎች ይገኛሉ። የሚያስገርመው፣ ሲጃራ አጫሾች አፍታ ከሌላው ሰው ያነሰ ይወጣባቸዋል፤ ማጨሱን ሲተዉም ለጊዜው ይበዛባቸዋል። ይህን ሰምቶ ሲጃራን መድኃኒት ነው የሚል ብልጥ አይጠፋምና፣ ያው ሲጃራ ይህን የድድ ቁስልና የአፍ ነቀርሳን እንደሚያመጣ አብሮ ይስማ። ጫትም ቢሆን በተያዘበት ጉንጭ በኩል ቆዳውን ያነጣዋል፤ አፍንም ያደርቃል።

በተማሪው ላይ ይህ በሽታ በጥርስ ሐኪም ማጽዳትና በጥቂት ቀን መድኃኒት ይመለሳል። በተራበ ሕፃን ላይ ግን አይመለስም፤ ወደ ኖማ ይሻገራል። ኖማ የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ከመጋጥ ጋራ የተያያዘ ነው፤ በእውነትም ይግጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ ምግብ ያነሳቸውንና በቅርቡ ኩፍኝ ወይም ወባ የደቈሳቸውን ልጆች ነው። በድድ ላይ የጀመረው ቁስል በጥቂት ቀኖች ውስጥ ወደ ጉንጭ ያልፋል፤ ጉንጩ ያብጣል፣ ይጠቍራል፣ ይበሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከሙት መካከል እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ይኸው ድርጅት ኖማን ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2023 ነው።

ይህ የድኾች እንጂ የአፍሪካውያን በሽታ አይደለም። ኖማ በአውሮፓ ሕፃናት ላይ የታወቀ በሽታ ነበር፤ የጠፋውም ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት፣ ሕዝቡ የሚበላው ሲያገኝ ነው። በ1940ዎቹ ናዚዎች ሰውን በረኀብ በሚገድሉባቸው የእስር ሰፈሮች ውስጥ በዚያው በአውሮፓ እንደ ገና ታየ። በአገራችንም አለ፤ ከውጭ አገር የመጡ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከየገጠሩ የተሰበሰቡትን የኖማ ተራፊዎች አዲስ አበባ ላይ አክመዋል።

ስለዚህ የምንመለከተውን እንወቅ። በራሳችን አፍ ውስጥ ከ3 ሳምንት በላይ የቈየ ማናቸውም ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ ለሐኪም መታየት አለበት፤ የማያመው እንዲያውም የበለጠ ያሠጋል፣ የነቀርሳ ጅማሬ ሊሆን ይችላልና። ከትኵሳት ጋራ የመጣ፣ በዐይን ወይም በብልት ላይ ጭምር የወጣ ቁስል እንደዚሁ ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንወርድ ደግሞ ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ ስናይ ከንፈሩን ገለጥ አድርገን ድዱን እንመልከት። ድዱ ቀልቶ የሚደማ፣ አፉ የሚሸት፣ ለሐጩ የሚበዛ፣ ጉንጩ ማበጥ የጀመረ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዚያ ደረጃ የሚያስፈልገው አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉት የተለመዱ መድኃኒቶች፣ የአፍ መታጠቢያና በቂ ምግብ ነው። ጉንጩ ከጠቈረ በኋላ ግን ልጁ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ መንጋጋው ይቈለፋል፤ ፊቱንም ለመጠገን ከአንድ በላይ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።