ዘይቤን ከስሙ ይልቅ በአሠራሩ ማስተማር

ዘይቤ አንድን ሐሳብ በቀጥታ ከመናገር ይልቅ በሌላ ነገር አማካይነት የሚገልጽ የአነጋገር ስልት ነው። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ በስም ዝርዝር ይቀርባል። ተማሪው አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ምትክ፣ ግነት እያለ ያጠናል፤ በፈተናም ስሙን ከምሳሌው ጋር ያዛምዳል። ሆኖም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ግጥም ሲቀርብለት ባለቅኔው ምን ለማለት እንደ ፈለገ መግለጽ ካልቻለ፣ ትምህርቱ ግቡን መትቷል ለማለት ያስቸግራል።

ዘይቤን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም የተነገረው፣ የታሰበውና ሁለቱን የሚያያይዘው ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የሐሙሲት ከተማ ስም ለዚህ መልካም መነሻ ይሆናል። ሐሙስ የዕለት ስም ነው፤ ገበያው በሚቆምበት ዕለት ተጠራ፤ ከተማዋም በገበያው ተጠራች። ማክሰኚትና አርብ ገበያም የተሰየሙት በዚሁ መንገድ ነው። ዕለትና ከተማ አይመሳሰሉም፤ ያስተሳሰራቸው ቁርኝት ነው። የምትክ ዘይቤ አሠራርም ይኸው ነው። ተማሪው «ዛሬ ሐሙሲት በሙሉ ወጣች» ሲል ከተማዋን ጠርቶ ነዋሪዎቿን ማለቱ ስለ ሆነ፣ ስሙን ሳያውቅ በስልቱ ይጠቀማል።

በአነጻጻሪና በተለዋጭ ዘይቤ ግን ማያያዣው መመሳሰል ነው። «ቤተሰቡ በዕዳ ብዛት ውኃ እንደ ጠጣ ታንኳ ሆነ» ቢባል አነጻጻሪ ነው፤ «እንደ» ወጥቶ «ቤተሰቡ ውኃ የጠጣ ታንኳ ነው» ሲባል ተለዋጭ ይሆናል። በጣና ዳር ያደገ ልጅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውኃውን ቀስ በቀስ እንደሚስብ፣ ወደ ዳር ወጥቶም በፀሐይ መድረቅ እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ ዕዳው የተከማቸው ጥቂት በጥቂት መሆኑን፣ ቤተሰቡም ፋታ ካገኘ ሊያገግም እንደሚችል ይገነዘባል። ታንኳ አይቶ የማያውቅ የቆላ አርብቶ አደር ልጅ ከዚሁ ዐረፍተ ነገር የሚያገኘው የክብደትን ሐሳብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱም የማስተዋል ሳይሆን ንጽጽሩ የተወሰደበትን ነገር ያለማወቅ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚባለው ስልት ደግሞ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ስልት የአማራን ባህል ለማብራራት እንደ ቁልፍ ተጠቅሞበታል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍናል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካወጣ በኋላ በባዶው ስፍራ ወርቅ ያፈስበታል። በአነጋገርም ላይ ላዩን የሚታየው ሰም፣ ውስጡ የተሰወረው ወርቅ ነው። «ዋናውን ሳያውቅ ጣና ገባ» የሚለውን እንመልከት። «ና» ሲላላ ቃሉ በውኃ ላይ መዋኘትን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ግን የነገሩን ፍሬ ያመለክታል። ስለዚህ ወርቁ ፍሬ ነገሩን ሳይረዳ ጥልቅ ጉዳይ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ መምህሩ ዐረፍተ ነገሩን በሁለቱም መንገድ ጮክ ብሎ ማስነበብ ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት መምህራን በመጀመሪያ ንጽጽሩ የተወሰደበትን ነገር ለተማሪው ማስተዋወቅ፣ ቀጥሎ ማያያዣውን እንዲያገኝ መርዳት፣ የዘይቤውን ስም በመጨረሻ መስጠት ይገባቸዋል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ከጋራው ምሳሌ ጎን መምህሩ ከአካባቢው የሚያመጣው ምሳሌ የሚገባበት ስፍራ ቢተዉ ይበጃል። ፈተናውም «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» በሚለው ብቻ ሳይወሰን «ምን ከምን ጋር ተያያዘ? በምን ምክንያት?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ፈተናው ስም ብቻ እስከ ጠየቀ ድረስ ተማሪው ስም ከማጥናት አያልፍም።