ለኢድ ወደ አርዲቦ፦ በራስ መኪና ወይስ በኪራይ?

ረመዳን ሲጋመስ በብዙ የአዲስ አበባ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ጨዋታ ይነሳል፤ "ዘንድሮ ኢድን አገር ቤት እናሳልፍ ይሆን?" የሚል። እናት አባታቸው፣ አያቶቻቸው በሐይቅና በአርዲቦ ዙሪያ ለሚኖሩ የወሎ ልጆች ጥያቄው የናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ዝምድናን የመቀጠል ጉዳይ ነው። ልጆችና ጓዝ ይዞ በአውቶቡስ መጓዝ የሚከብደው ቤተሰብ ደግሞ ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ ይገጥመዋል። የራስን መኪና ይዞ መሄድ ይሻላል ወይስ መከራየት? ዛሬ በዚህ ገጽ ይህንኑ እንመልከት።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉ ዘመዶች ጠይቆ መረዳት፣ ጉዞውንም በቀን ማድረግ ይገባል። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አርዲቦ ከትልቁ ሐይቅ በላይ፣ በኮረብታዎች መካከል ያለ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ውኃውም ወደ ትልቁ ሐይቅ ይወርዳል። ደርሶ መልሱ ከዘመድ ጥየቃው ጋር ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 90 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ነዳጁን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ተከራዩ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ ያለው በቀኑ ላይ ነው። ኪራይ መኪናው ቆሞም ይቆጠራል። ለስድስት ቀን የሄደ ቤተሰብ መኪናው በዋናነት የሚያገለግለው በመሄጃውና በመመለሻው ቀን ነው፤ ለቀሩት አራት ቀናት ደጅ ለቆመ መኪና ይከፍላል። የሹፌሩ አበልና ማደሪያም ይጨመራል። ስለዚህ ብዙ ቀን ለሚቀመጥ ሰው የራሱ መኪና ይረክሳል። ለመመላለሻ ብቻ መኪና የሚፈልግ ግን ሦስተኛ መንገድ አለው፦ እስከ ደሴ በአውቶቡስ ወይም እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ከዚያ ለአንድ ቀን መከራየት። አገሩን የሚያውቅ ሹፌርም ያገኛል።

የራስ መኪና ርካሽ የሚመስለው ግን ጤነኛ ከሆነ ነው። በጣርማ በር መሿለኪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረ መኪና፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ደግሞ ዳገት ይጠብቃል፤ እዚያ የሚፈተነው ራዲያተሩ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ሲመላለስ የኖረ መኪና ከጉዞው ሳምንት በፊት ለመካኒክ መታየት አለበት፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ቺንጋው፣ ስኮርታውና ክሪኩ ሳይቀር። የዚህ ወጪ ከኪራዩ ጋር ተነጻጽሮ ካልታየ ሒሳቡ ትክክል አይሆንም።

የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድም አትዘንጋ። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ አርዲቦ መውጣት ለዝቅተኛ የቤት መኪና አይመችም። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት በሚውልባቸው ዓመታት ደግሞ የደቡብ ወሎ የበልግ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ከፍ ያለ መኪና ለሌለው ሰው የራሱን ሐይቅ ከተማ አቁሞ፣ የቀረውን በአካባቢው መኪና መሄድ ብልህነት ነው።

ለመከራየት የወሰነ ቤተሰብ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የብድር ውል እንዲጻፍ፣ ምስክርም እንዲኖረው ታዟል፤ ሱረቱል ማኢዳም የሚጀምረው ቃል ኪዳንን ስለመሙላት ነው። የቀን ክፍያው ስንት ነው? የኪሎ ሜትር ገደብ አለው? መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን ያሠራል? ቀን ቢጨመርስ? ይህ ሁሉ ከመነሳት በፊት ይጻፍ። በርካሽ ተገኘ ተብሎ የግል ሰሌዳ ያለውን የሰው መኪና መከራየት ግን አደጋ አለው። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በመኪናው በራሱ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ ለግል አገልግሎት የተገባ ተጨማሪ መድንም ቢሆን መኪናው ሲከራይ ከተገኘ ክርክር ያስነሳል። በጎረቤታሞች መካከል ደግሞ እንዲህ ያለው ዕዳ ዝምድና ያበላሻል።

የገንዘቡን ያህል ሊታሰብ የሚገባው ግን መሪውን የሚይዘው ሰው ነው። አባወራው ራሱ ከነዳ፣ ተራዊህ ሰግዶ፣ ለሱሁር ነቅቶ፣ ጾሙን ይዞ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ ይውላል። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጫነዋል፤ መግሪብ ሲቃረብ ደግሞ ለኢፍጣር ለመድረስ መቸኮል ይመጣል። አላህ ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጾች ፈቅዷል፤ ባለ አራት ረከዓ ሰላትንም ማሳጠር ይችላል። ዝርዝሩን ከኡለማ ጠይቆ በተፈቀደው መጠቀም የደካማ ሥራ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አማና ናቸውና። መጾም የመረጠም ቢሆን ቴምሩንና ውኃውን መኪናው ውስጥ ይያዝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ዳር ይዞ ያፍጥር።

ሹፌር የተከራየ ቤተሰብም ከዚህ ኃላፊነት አያመልጥም። ያ ሰው እንደ እነሱ ሊጾም ይችላል፤ እሱም ኢድን የሚጠብቁት ልጆች ይኖሩት ይሆናል። የት ያድራል? ከማን ጋር ያፈጥራል? ኢድን ከቤቱ ርቆ የሚውል ከሆነስ ምን ታስቦለታል? ይህ ሲዋዋሉ ይነገር፤ ከዘመድ ማዕድም እኩል ይቅረብ። ከሐይቅ ከተማ ሌላ መኪና የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩን ከኢድ በፊት ሒሳቡን ሰጥቶ ወደ ቤቱ መሸኘት ይቻላል። የቆመበት ቀን ኪራይ ይቀራል፤ እሱም ኢድን ከልጆቹ ጋር ይሰግዳል።