ክፉ ዜና የተነገረው ሕመምተኛ

ሐኪሙ «በምርመራው የተገኘው ነቀርሳ ነው» ካለ በኋላ የሚናገረውን ብዙ ሕመምተኞች አይሰሙትም። አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላው ዝም ይላል፤ ሦስተኛው «ወረቀቱ የሌላ ሰው ይሆናል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጠያቂዎቹም «እምነቱ ደከመ» ወይም «ጠባዩ ተለወጠ» ብለው ይፈርዱበታል። ነገር ግን ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲደርስበት፣ ሳያስበው ልቡ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አለው። አና ፍሮይድ ስለዚሁ መከላከያ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጥቷል።

ከእነዚህ መንገዶች በሕመምተኞች ዘንድ የሚዘወተሩት የሚከተሉት ናቸው።

መካድ፦ ሕመሙን እንዳልሰማ መሆን ነው። ለጥቂት ቀናት ሲሆን ዜናውን በጥቂት በጥቂቱ ለመቀበል ጊዜ ይሰጣል፤ ሕክምናን እስከ መተው ሲያደርስ ግን ሕይወትን ያሳጣል።

ቁጣን ማዛወር፦ የተቆጣው በሕመሙ ሆኖ ሳለ ነርሷን ወይም ባለቤቱን ይቆጣል።

እንደ ልጅ መሆን፦ እጁ ደኅና ሆኖ ካላጎረሱት አይበላም።

በዕውቀት መሸሸግ፦ ስለ መድኃኒቱና ስለ ደሙ ምርመራ ሲናገር ይውላል፤ ስለ ፍርሃቱ ግን አንዲት ቃል አይወጣውም።

ዶክተር ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ መካድን፣ ቁጣን፣ ድርድርን፣ ጥልቅ ሐዘንንና መቀበልን ዘርዝረዋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው በዚህ ተራ አያልፍም፤ ጠዋት የተቀበለ ማታ ሊክድ ይችላል። ስለሆነም ሕመምተኛውን «አሁን መቀበል ነበረብህ» ማለት አይገባም።

በአገራችን ልማድ ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተ ዘመድ ይነገራል፤ መርዶም ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ይረዳል። በአሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጽሑፍ፣ ሐኪሞች ይህን ሳያውቁ በቀጥታ ለሕመምተኛው ሲናገሩ ቤተሰብ እንደሚያዝን ገልጧል። ልማዱ ሰውን በጭንቅ ሰዓት ብቻውን ስለማይተወው ጥበብ አለበት። ጉዳቱ ግን እስከ መጨረሻው የተደበቀ እንደሆነ ነው፤ ሕመምተኛው ከፊታችን ያነበዋል፤ እኛን ላለማሳዘን እርሱም ይደብቃል፤ ኑዛዜውን ሳያስተካክል፣ የሚታረቀውን ሳይታረቅ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች አስቀድመው «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ከአንተ ጋር ማን ይስማ?» ብለው እንዲጠይቁ ይመከራሉ።

እንግዲህ ጠያቂ ምን ያድርግ? ክህደቱን በኃይል አይግፈፍ፤ በውሸትም አይደግፈው። «ሐኪሙ ምን አለህ? አንተስ ምን ታስባለህ?» ብሎ ጠይቆ ያዳምጥ። «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» ማለት የሕመምተኛውን አፍ ይዘጋል። የቀጠሮውን ቀን አስታውሶ አብሮት መሄድ ግን ከብዙ ምክር ይበልጣል። ለብዙ ቀናት ምግብና እንቅልፍ የራቀው፣ ወይም መሞትን እመርጣለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ። የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነበር። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት የምትጠይቁት ሕመምተኛ ቢኖር፣ አስቀድማችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።