የሚያስቅ ግጥም ለተደበቀ ሕመም
ሰምና ወርቅ በወንዶች ጤና ትምህርት

መግቢያ

በመንዝ ማማ ምድር፣ እንደ ሞላሌ ባለች የደጋ ከተማ፣ አንድ አዛውንት በብርድ ሌሊት ለሽንት አራትና አምስት ጊዜ ቢነሡ ምክንያቱን ለቤተሰብ እንኳ መግለጥ ይከብዳቸዋል። የሽንት መቋጠር፣ ቡአ፣ የቆለጥ እብጠትና ስንፈተ ወሲብ የወንድነትን ክብር የሚነኩ ሆነው ስለሚታዩ፣ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሲብስበት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው እዚህ ላይ በእርግጥ ይሠራል።

የመዘግየት ጉዳት

የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ በታች ሆኖ የሽንት ቧንቧን ስለሚከብ ሲያብጥ መተላለፊያውን ያጠባል። ችላ ከተባለ ሽንት በድንገት ሊዘጋ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ወደ ቦታው አልመለስ ብሎ የሚያምና የሚያስመልስ ቡአ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻል። በድንገት የሚጀምር ከባድ የቆለጥ ሕመም የቆለጥ መጠምዘዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ከስድስት ሰዓት በላይ በቆየ መጠን ቆለጡን የማዳን ዕድል ይመነምናል። ስንፈተ ወሲብም የስኳር ወይም የደም ሥር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ግጥሙ እንዴት ይሠራ?

ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ገበሬ ሕይወት ያጠናበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም። በግልጥ ለመናገር የሚያሳፍረውን በስውር መናገር የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማም ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አስተምሯል። ድራማው ግን ብዙ ክፍሎች ነበሩት፤ ዘፈን ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን አንድ ሕመምና አንድ ምክር ብቻ ይያዝ። ለምሳሌ፦

ጅብ መጣ እያለ ሌሊቱን ሲወጣ፣
ጅቡ እንኳ ታዘበው ደጋግሞ ሲመጣ።
ጅቡን ተወውና ጤና ጣቢያ ዝለቅ፣
ሽንቱ ነው ያስነሣህ፣ ተናገር አትሳቀቅ።

ሳቁ ያረፈው በሰበቡ ላይ እንጂ በሰውየው አካል ላይ አለመሆኑን ልብ ይሏል። የመጨረሻው ስንኝ ደግሞ ወርቁን በግልጥ ያወጣዋል፤ ወርቁ ሳይገለጥ ከቀረ አድማጩ ሰሙን ይዞ ይሄዳልና።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

አንደኛ፣ የእውነተኛ ሕመምተኛ ታሪክ፣ ስሙ ቢቀየርም፣ በግጥም አይገባም፤ በትንሽ ከተማ ሰው በአካሄዱም ይታወቃል። ሁለተኛ፣ በስንፈተ ወሲብና በመካንነት መሳለቅ ሰውየውን ይበልጥ ያሸሸዋል፤ ሚስትን ጥፋተኛ ማድረግም አይገባም። ሦስተኛ፣ ዘፈኑ ፈውስ አይማል፤ ምርመራን ብቻ ይጠቁም። አራተኛ፣ በአደባባይ ከመሰማቱ በፊት ለሽማግሌዎችና ለሴቶች ተነቦ አስተያየታቸው ይጠየቅ። ጊዜውም ይመረጥ፤ ለሠርግና ለገበያ ቀን የሚስማማው በዐቢይ ጾም አይሰማም።

መደምደሚያ

ዘፈኑ የሚያደርሰው እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ነው። አንድ አባት ግጥሙን ሰምተው ሲመጡ፣ መዝጊያው የተዘጋ ክፍል፣ «አባባ፣ ሽንት እንዴት ነው?» ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅና የማይስቅ ባለሙያ ሊጠብቃቸው ይገባል። ሳቁ ውጭ ይቅር፤ ውስጥ ግን ምስጢር ይጠበቅ።